ልብስ ገልብጠው የሚያለብሱት አያ ጥሩነህ

አያ ጥሩነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ጥሊሊ ገበያ ላይ ነው። ቦንዳ ፈትቼ የልጅ ልብሱን ከአዋቂው እየለየሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የሰፈሬ ልጅ መርዶውን ዙሪያ ጥምጥም አድርጋ ልትነግረኝ ሞከረችና አልሆነላትም፤ "አያ ጥሩነህ..." ብላ ዝም አለች። "በቃ፣ ገባኝ" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ እዚያው የልብስ ክምሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ገበያተኛ የሕፃን ሹራብ አንስታ "ይሄ ስንት ነው?" ትለኛለች፤ እኔ እቴ! ሹራቡን ከእጇ ወስጄ፣ ገልብጬ፣ የአንገቱን ስፌት በጣቴ እዳስሳለሁ። ሴትዮዋ ጤና የላትም ብላ መሰለኝ ትታኝ ሄደች። ምን ላድርግ፣ አያ ጥሩነህ ያስለመዱኝ ነው። እስከ ዛሬ የሕፃን ልብስ እጄ ከገባ ስፌቱን ሳልዳስስ አላስቀምጥም።

ሰው ሲሞት ሁሉም መልአክ ይሆናል። እኔ ግን አያ ጥሩነህን መልአክ ላደርጋቸው አልችልም፤ ቢሰሙኝ ራሳቸው ይቆጡኛል። ግትር ነበሩ። ኩርፊያም ያበዙ ነበር፤ ያኮረፉ ጊዜ ሰላምታውን የሚሰጡት በአገጫቸው ነው፤ እሱንም ፊታቸውን አዙረው። ግን በሕይወቴ እንደሳቸው ያለ ሰው ሁለተኛ አላየሁም፤ አላይምም።

ቆሰበር ውስጥ አጥር ለአጥር ነበርን። ወረቀት ላይ እንጅባራ ይባላል እንጂ የእኛ ሰፈር ሰው ዛሬም ቆሰበር ነው የሚለው። አያ ጥሩነህ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ከዘንገና በኩል ካለው ገጠር ገና በጎረምሳነታቸው መጥተው፣ የፊት ለፊቷን ክፍል መሥሪያ፣ የጓዳዋን መኖሪያ አድርገው ኖሩ። ለሠርግም ለበዓልም ፈረሱን ሸልሞ መውጣት የሚፈልግ ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ውብነሽ ነበረች፤ ዳንግላ ተድራ፣ የመጀመሪያዋን ለመውለድ አባቷ ቤት መጣች። ወለደች። ብዙም ሳትቆይ ደም ፈስሷት አረፈች።

የዚያን ለቅሶ ነገር ባላወራ ይሻለኛል። ባሏ የመንገድ ሥራ ላይ ከአገር አገር የሚዞር ልጅ ነው፤ መጣ፣ አለቀሰ፣ ሕፃኗን እንዴት እንደሚይዛት እንኳ አላወቀም። እናቱ ደግሞ ዳንግላ እግራቸውን ታመው ተኝተዋል። "እማዬ እስክትነሳ እዚሁ ትቆይ" ብሎ ሄደ። የሰፈሩ ሴት በሙሉ ሕፃኗን ልያዝ፣ ልያዝ አለ። አያ ጥሩነህ ግን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጧትም። ጡት ለማጥባት ለሚመጡት ሴቶች ብቻ ይሰጡና በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ስም ሲወጣ ሰው "ካሳነሽ ትባል" አላቸው፣ የእናቷ ካሳ ናት ለማለት። "የማንም ካሳ አይደለችም፤ እሷ እሷው ናት" አሉና ብርቄ አሏት።

እኔ ሳልባጅ ነጋዴ ስለሆንኩ ለብርቄ ልብስ ፍለጋ መጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነው። በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ እየተጋፋ፣ ፊቴ ቁጢጥ አሉና አንዱን ልብስ ያነሱና ይገለብጡታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ስፌቱን በላይኛው ከንፈራቸው ላይ ጎተት ያደርጉታል። አንዱን ጣሉ፣ ሌላውን ጣሉ። ያማረ ያማረውን፣ ዳንቴል ያለውን፣ ቁልፍ የተደረደረበትን ሁሉ ወዲያ አሉት።

"አያ፣ ልብሱ ይበላል እንዴ?" አልኳቸው፤ ሰው እያየን አፍሬ።

"እጄ ደንዝዟል፣ ዝናሽ። ቆዳ ሲሰፋ የኖረ እጅ ምን ያውቃል? የማይዋሸው ከንፈር ነው።"

በመጨረሻ ያነሱት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀለሙ የጠፋ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ እኔ ራሴ መወልወያ ላደርገው ያስቀመጥኩት የጥጥ ሸሚዝ። "ኧረ አያ ይሄማ ጨርቅ ሆኗል! ሰው ምን ይለኛል?" ብላቸው፣ "ይሄ የተገራ ነው" አሉኝ። አዲሱ ልብስ ያልተገራ ነው ማለታቸው ነው። ለእርሳቸው የዓለም ነገር በሁለት ይከፈላል፤ የተገራና ያልተገራ። እኔን ከየትኛው እንደሚመድቡኝ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሱን እገምታለሁ።

በማግስቱ ቤታቸው ብገባ ብርቄ ሸሚዙን ለብሳለች፤ ግን ተገልብጧል። ስፌቱ በሙሉ ወደ ውጭ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ። ያዘኑ ሰው ናቸው፣ ሳያዩት ነው ብዬ ላስተካክል እጄን ብዘረጋ እጄን መቱኝ! "ተይ! አውቄ ነው።" ኮርቻ ከስር ግላስ ሳይነጠፍለት እንዲሁ የተጫነበት ፈረስ ጀርባው እንዴት እንደሚላጥ አስረዱኝ። ፈረስ እንኳ ያ ሁሉ ጠጉር እያለው። "እሱ ሲያመው ይራገጣል፤ ባለቤቱም ያውቃል። ይቺ ምኗን ትራገጥ? ታለቅሳለች፤ እናንተ ደግሞ ሆዷን ነው ትላላችሁ።"

ሲያለብሷት ማየት ደስ ይል ነበር። እኔ ብዙ ጊዜ ሰበብ እየፈለግሁ የምገባው እሱን ለማየት ነው። የምትለብሰውን ሸሚዝ አስቀድመው ደረታቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ሌላ ሥራ እየሠሩ እዚያው ይሞቃል። የቆሰበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ልብስ ከሳጥን ሲወጣ ውሃ የነካው ይመስላል። ከዚያ እጃቸውን ያሻሻሉ። በራስ የሚጠልቅ ነገር አያለብሱም፤ ሁሉንም ፊት ለፊቱን ቀደውታል። ቁልፉን በጥሰው በጨርቅ ማሰሪያ ተክተውታል። እጅጌውን ሲያስገቡ የእሷን እጅ አይገፉም፤ የራሳቸውን ጣት በእጅጌው ጫፍ በኩል አስገብተው ይጠብቃሉ። እሷ ጣታቸውን ትይዛለች፤ ይዛም ትወጣለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን በአገውኛ ያወሯታል። እኔ አገውኛ አልሰማም፣ ወላጆቼ ከሞጣ የመጡ ናቸው። ምን እንደሚሏት ስጠይቅ፣ "አሁን ቀኝ እጅሽን ነው የምፈልገው፣ ነው የምላት። ሳይነግሩት የነኩት ሁሉ ይደነግጣል" አሉኝ።

ሁሉን ነገር ያውቁ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንዴ ከበግ ለምድ ቆብ ሰፍተውላት ዓይኗን እስከ አፍንጫዋ ሸፈነው፤ ልጅቷ ጨለመባት መሰለኝ ኡኡ አለች። ገና መቀመጥ ሳትችል ደግሞ ከኮርቻ ቆዳ ጫማ ሰፉላት። "አያ፣ ይቺ ልጅ ጋላቢ ልትሆን ነው?" ብዬ ብስቅ አኮረፉኝ። ጫማው ግን ግድግዳ ላይ፣ ከእርካቡ ጎን ተሰቅሎ ቀረ።

የብርቄንም ልብስ ራሳቸው ናቸው የሚያጥቡት። ቦኖው ጋ ሴቱ ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ እርሳቸው ማጠቢያቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። አንዷ "አያ፣ አራስ ነዎት እንዴ?" ብትላቸው፣ "አዎ አራስ ነኝ! ገንፎ የሚያመጣልኝ ጠፋ እንጂ!" አሉ። ሴቱ ሳቀ። በነጋታው አንዷ የእውነት ገንፎ በቅቤ አሽታ አመጣችላቸው፤ ቁጭ ብለው ጥርግ አድርገው በሉት። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ደህና ሲበሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በኋላ የመጣው ጣጣ ከዚያው ከተገለበጠው ልብስ ነው። የሰፈር ሰው አየ፤ አንድ ቀን ቢሆን ስህተት ይባላል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ሰው ዝም አይልም። ገሚሱ "ሐዘን አናታቸው ላይ ወጣ" አለ። ገሚሱ ደግሞ የባሰውን አመጣ፤ "ለዓይን ነው፤ አዋቂ ነግሯቸው ነው" አለ። ይሄኛው ወሬ በለጠ። ምክንያቱም ብርቄ አታለቅስም፣ ትወፍራለች፣ ገላዋ ልስልስ ብሏል፤ እንግዲህ ያለ ነገር ነው ወይ? ብዙ ሳይቆይ የሰፈሬ እናቶች ተራ በተራ የልጆቻቸውን ልብስ መገልበጥ ጀመሩ። ኧረ እንዲያውም አንዷ እጥፍ ድርብ ይጠብቀዋል ብላ የሕፃኑን ቆብ፣ የራሷንም ሹራብ ገልብጣ መጣች! አያ ጥሩነህ በራቸው ላይ ቆመው፣ "ኧረ በእግዚአብሔር! ስፌቱ ነው! ስፌቱ ስለሚፍቃት ነው!" ይላሉ። "እሺ አያ፣ እሺ" ይሏቸዋል፣ እየተጣቀሱ። ምስጢሩን ለመደበቅ ነው ብለው።

ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳንግላ ገባ። መንገድ ላይ ደግሞ አደገ። የብርቄ የአባቷ እናት፣ እማማ አንጓች ጆሮ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ጤናቸውን አጥተው ሕፃኗን በጥንቆላ እያሳደጓት ነው ሆኗል። እማማ አንጓች እግራቸው በደንብ ሳይሽር፣ ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ዣንጥላቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

ገብተው መጀመሪያ ያዩት ልብሱን ነው። "ይኸው! የተባለው እውነት ነው!" አሉና የያዙትን አዲስ ባለዳንቴል ቀሚስ አልጋው ላይ ጣሉት።

"ስፌቱ ነው፣ እትዬ አንጓች" አሉ አያ ጥሩነህ፤ በጣም ቀስ ብለው።

"ስፌት ነው ይበሉኝ! እኔ ልጅ አሳድጌ የማላውቅ መሰለዎት? የልጄን ልጅ ልወስድ ነው የመጣሁት። አባቷም ተስማምቷል።"

ያን ቀን እኔ ቤት አሳደርኳቸው፤ በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ኮርቻ በተሰቀለበት በዚያች የሥራ ክፍል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው። ሽማግሌዎቹ አያ ጥሩነህን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ሲናገሩም ዓይናቸውን አያዩም። ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ታድጋለች፣ ብቻውን ያለ ወንድ እንዴት ያደርጋል፣ አባቷም አለ፣ በሴት እጅ ትደግ አሉ።

"ምን አጎደልኩባት?" አሉ አያ ጥሩነህ።

"አላጎደሉም። እሱን ማንም አላለም።"

"ታዲያ?"

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ስለነበር አላስችል ብሎኝ፣ "እንዴ፣ ልጅቷ ምን ሆነችና..." ስል፣ አንደኛው ሽማግሌ "አንቺ ቆይ!" አለኝ። ቆየሁ። ደሜ ፈልቶ ቆየሁ። አያ ጥሩነህ "እናንተ ካላችሁ እሺ" አሉ። "ለመንገዱ ግን እኔ ላልብሳት።"

ባጃጅ ተጠርቶ ደጅ ላይ ቆሟል። ብርቄን ኮርቻ የሚሰፉበት ምንጣፍ ላይ አስተኟት። ሸሚዙን ከደረታቸው አወጡ። ቀኝ እጅሽን ነው የምፈልገው መሰለኝ ያሏት፤ ጣታቸውን በእጅጌው ጫፍ አስገቡና ጠበቁ። እሷም እንደ ልማዷ ያዘችው። ሌላ ጊዜ ይሄኔ ቀስ ብለው ያወጧታል። አሁን ግን አላወጧትም። ጣታቸውን እንዳስያዙ፣ አጎንብሰው ቀሩ። አገውኛውም ቆመ። ባጃጁ ክላክስ አደረገ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ እንዳይሰማብኝ።

እማማ አንጓች ተነሡ። እግራቸው እያመማቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና የሸሚዙን ጫፍ ነካ አደረጉት።

"ሞቋል እኮ" አሉ።

"እኔ ጋ ነበር።"

"ማን አሳየዎት ይሄንን?"

"ማን ያሳየኛል? እናቷ የለች፣ ባለቤቴ የለች። ስታለቅስ አውልቄ አያለሁ። የቀላ ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ያለውን ስፌት እፈታለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም።"

እማማ አንጓች ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ፤ ጉሙ ከደጅ ያለውን ባጃጅ እንኳ ከልሎታል።

"ዛሬስ ብርድ ነው" አሉ። "በዚህ ብርድ ሕፃን ይዞ መንገድ አይወጣም። ነገ እንሄዳለን።"

"እንዴ፣ ባጃጁ እኮ ቆሞ..." ሲል አንዱ ሽማግሌ፣

"ነገ አልኩ!" አሉና ቁጭ አሉ።

በማግስቱም ብርድ ሆነ። ቆሰበር ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ምን ይደረግ። በሦስተኛውም ቀን እማማ አንጓች ከእኔ ቤት ወጥተው ሰማዩን አይተው፣ "ዛሬም አይሆንም" ብለው አያ ጥሩነህ ቤት ገቡ። ነሐሴም እንዲሁ ሆነ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ናቸው፤ እርሳቸው እንዝርታቸውን ያሾራሉ፣ አያ ጥሩነህ ይሰፋሉ፣ ብርቄ መሃላቸው ትንፈራገጣለች። የሚስማሙ እንዳይመስላችሁ! እማማ አንጓች ይጠቀልሏታል፣ አያ ጥሩነህ ይፈቷታል። "ይበርዳታል!" "ትታፈናለች!" አጥሩን አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል። ባለዳንቴሉን ቀሚስ ግን እማማ አንጓች ራሳቸው የአንገቱን ስፌት ፈቱት። ማታ እኔ ቤት ሲገቡ ደግሞ በሹክሹክታ፣ "ይሁን፣ ስፌት ነው ይበሉ። ለዓይንም ሳይበጅ አይቀርም" ይሉኛል።

ልጃቸው ይደውላል፣ መቼ ነው የምትመለሱት እያለ። "ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም በዪው" ብለው ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል። ድምፁ እኮ ጓዳ ድረስ ይሰማል! እኔም "አይሰማም" እለዋለሁ፤ ምን ላድርግ።

አያ ጥሩነህ ግን በዚያ ክረምት ከሲታ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት የብርቄን ልብስ በሙሉ አጣጥፈው፣ በጨርቅ ቋጥረው በሩ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ሲመሽ ይፈቱታል። "አያ፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን። "በድንገት እንሂድ ያሉ እንደሆን ተቻኩዬ አንዱን ብረሳስ?" አሉኝ። አንድም ቀን ይቆዩ ብለው አልጠየቋቸውም። ሽማግሌ ፊት እሺ ብለዋል፤ እሺ ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። እኔ ልጠይቅልዎት ብላቸው እንኳ ተቆጡ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ሳሳ። እኔ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ደመና ፍለጋ አንጋጥጬ መዋል ጀመርኩ፤ ፀሐይ ስትወጣ ያዘንኩት በዚያን ዓመት ብቻ ነው። እንደምንም ጠዋቱ ብርድ ነበር፣ እሱ ያወጣን ነበር። ጥቅምት ውስጥ ግን አንድ ቀን ማለዳ ብወጣ ቁራጭ ደመና የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የአጥሩ እንጨት ሳይቀር ሞቋል። ሰበብ የሚሆን ነገር ጠፋ። እማማ አንጓች ከኋላዬ ወጡ። መሄጃ ነጠላቸውን ለብሰዋል። ምንም ሳይሉኝ የአያ ጥሩነህን ደጅ ይዘው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

አያ ጥሩነህ ከውስጥ ወጡ። እርሳቸውም ሰማዩን አይተዋል። ብርቄን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈዋል፤ አልብሰዋታል፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። በሌላው እጃቸው ቋጠሮውን ይዘዋል። ከእማማ አንጓች ፊት መጥተው ቆሙ። ቋጠሮውን ዘረጉላቸው።

እማማ አንጓች አልተቀበሉም። እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አድርገው ፀሐይዋን አዩ፤ ደህና አድርገው፣ ጊዜ ወስደው አዩ።

"ይቺ ፀሐይ አትታመንም" አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አንቺ ዝናሽ፣ በዚህ ሰፈር ክፍል የሚያከራይ አይጠፋም ይሆን? ዕድሜ ልኬን አንቺ ቤት አላድር" አሉኝ።

አያ ጥሩነህ እዚያው እንደቆሙ ቋጠሮው ከእጃቸው ወደቀ። እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ልጃቸውን ሲቀብሩ እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም።

"ኧረ ልጅቷን ተቀበያቸው፣ አንቺ!" አሉ እማማ አንጓች፣ እርሳቸውም እንባቸው እየወረደ። "ይጥሏታል!"

ሮጬ ተቀበልኳቸው።